የነዳያን ምገባ በጣና ዳር፦ ወጥ ቤቱ ይመሰገናል፣ ሰልፉ ገና ነው

ባሕር ዳር ውስጥ ነዳያን የማይሰበሰቡበት የቤተ ክርስቲያን ደጅ የለም፤ በጽዋ ማኅበርና በሰንበት ትምህርት ቤት ተደራጅቶ የሚያበላውም ብዙ ነው። ይህ ግምገማ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ደብር እሑድና ረቡዕ የሚሰጠውን ምገባ ይመለከታል። ጉድለቱም ስለሚነሣ የደብሩ ስም ይቅር።

የወጥ ቤቱ እናቶች ሥራቸውን ያውቃሉ። ለ100 ሰው 7 ኪሎ ሽሮ፣ 10 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና 30 ሊትር ያህል ውሃ ያዘጋጃሉ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ዘይቱ የሚገባው ውሃውን ጨርሶ ሲለሰልስ ነው። ሽሮውን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ነው የሚጨምሩት። ዱቄቱን በፈላ ድስት ላይ የነሰነሰ አዲስ አገልጋይ ጓጉሎ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢያማስለው አይፈታም። ትልቅ ድስት ከሥር መያዝ ይወዳል፤ ስለዚህ አንዲት ሴት ረጅሙን ማማሰያ ይዛ ከድስቱ አትነሣም፣ ሌላ ሥራም አይሰጣትም። ካረረም የታችኛውን አይነኩትም፤ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው ይቀጥላሉ። በርበሬው ቀለል ያለ ነው። ከትናንት ጀምሮ ባዶ የዋለ ሆድ የሚያቃጥል ሽሮ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው።

እንጀራው ላይ ግን ነገር አለ። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ስለሚታሰብ ለመቶ ሰው 150 ያስፈልጋል፤ ግማሹ የሚመጣው ከምእመናን ቤት ነው። ብዙዎች ከምጣድ እንደወጣ ደራርበው በፌስታል ያስሩታል። አልቦ፣ ተጣብቆ ይደርሳል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይሻግታል። ሰፌድ ላይ አብርዶ በጨርቅ መሸፈን ምንም ወጪ የለውም።

ከዚህ የሚብሰው የዝክሩ ነገር ነው። በ12፣ በ21፣ በ23 ወጡም፣ ዳቦውም፣ ጠላውም ይተርፋል፤ የተረፈው ሲበላሽ ሐይቅ ዳር የሚደፋበት ጊዜም አለ። ከዚያ በወሩ መጀመሪያ በአንዱ ረቡዕ ሽሮው ቀጥኖ ሾርባ ይመስላል። ፍስኩን ረቡዕ ይዞ የሚመጣ ለጋስም አይጠፋም፤ በአክብሮት ይመለሳል፣ እሱም ይቀየማል። ለመስጠት ያሰበ ሰው የበሰለውን ትቶ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ቢያስገባ ይሻላል። አስተባባሪዎቹም ይህንን በግልጽ መናገር ያፍራሉ፤ ማፈር አልነበረባቸውም።

ሰልፉን ከአሥር አምስት እንሰጠዋለን። በረንዳ ላይ ያደሩት ልጆች ፈጣኖች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ማስቲሽ ስበው ነው የሚመጡት፤ ምርኩዝ የያዘው ሽማግሌና አራስ ልጅ ያዘለችው ሴት ወደ ኋላ ይገፋሉ። በዘበኛ ዱላ ማስተካከል ተሞክሮ ረብሻውን አባብሶታል። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ሁሉንም በረድፍ ማስቀመጥና ምግቡን ወደ ተቀመጡበት መውሰድ። ሰሐኑ ወደ እሱ እንደሚመጣ ያየ ልጅ አይጋፋም። ሽማግሌው ጋ ሲደረስ ደግሞ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ይብሉ» ማለት ነው። ጎዳና ላይ ስላደሩ ብቻ አረጋውያንን «አንተ»፣ «አንቺ» የሚሉ ወጣት አገልጋዮች አሉ፤ በቤታቸው አያታቸውን እንደዚያ አይጠሩም። በስልክ የሚቀርጹትንም ከበር መመለስ ያስፈልጋል። ምግብ እየጎረሱ መቀረጽ ማንም አይወድም።

እጅ መታጠቢያው ያሳፍራል። አንድ ሰው በሳሙና ለመታጠብ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል፤ ባለ 20 ሊትሩ ባለቧንቧ ጀሪካን ከ40 ሰው አያልፍም። ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ሲያልቅ ከሐይቁ ይቀዳል፣ አንዳንዱም ከዚያው ይጠጣል። ቢያንስ ሦስት ጀሪካን ከማለዳ መሞላት አለበት። ለመጠጥ የሚሆነው ደግሞ ለብቻው ተቀምጦ፣ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆይ።

ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲነሣ አገልግሎቱ ሌላ ጥቅም አለው። ትኩሳት ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው መድበዋል፤ ይህ በሌሎች ዘንድ ብዙም አይታይም። ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚዋጥ የወባ መድኃኒት ነው፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ግን ክኒኑን ቢያገኝ ምግቡን አያገኝም፣ ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው ይተወዋል። እዚህ ለበሽተኛው በሦስቱም ቀን ዘይት ያለው ምግብ ይቀመጥለታል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ወደ 9 ሰዓት ሲገፋ ግን የረቡዑ ምገባም አብሮ ይገፋል። ለሕፃናት፣ ለሚያጠቡና መድኃኒት ለጀመሩ ቀደም ብሎ የሚቀርብ ድስት ሊኖር ይገባል፤ አባቶችም አይከለክሉም።

ለማገልገል የሚመጣ እሑድ ከጧቱ 11 ሰዓት ተኩል ይድረስ፤ የተዘጋ ጫማ ያድርግ፣ የነጠላውን ጫፍ ከእሳት ያርቅ። በጥምቀትና በገና ሰው ስለሚበዛ እርስ በርስ ከመጋጨት በቀር ሥራ የለም፤ ነሐሴ ላይ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ጢሱ ዓይን ሲያቃጥል ነው ሰው የሚጠፋው። ሽንኩርት ለመክተፍና ወጥ ለመጨለፍ ሁሉም ይሽቀዳደማል። ድስት አጣቢ ግን ሁልጊዜ ይጎድላል፣ እጥበቱም እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይዘልቃል። መፈግፈጊያ ሽቦ ይዞ የመጣ ሰው ወዲያው ሥራ ያገኛል።