ከማደያ ሰልፍ ወጣሁ፣ ከመንገዱ መጨናነቅ ግን አልወጣሁም፦ አሥር ወር በኤሌክትሪክ መኪና

መኪናዋን የገዛሁት በ2017 የካቲት ነው። አሁን አሥር ወር ሞላት፤ የነዳኋት 15,200 ኪሎ ሜትር ደርሷል። የቻይና ስሪት፣ ባትሪዋ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ አራት ሰው ተመችቶት አምስተኛው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥባት ትንሽ ነጭ ሀችባክ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር አዲስ አበባ ላይ ለሚነዳ ለየትኛውም የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል።

ከሷ በፊት ስምንት ዓመት ቪትዝ ነዳሁ። በ2014 ሐምሌ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ሰው ሁሉ ጉድ ብሎ ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሲሆን ግን ጉድ የሚልም አልነበረም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሰልፉን ያዘ። በወር 65 ሊትር ያህል ስለምጠቀም 6,600 ብር ገደማ ይወጣል ማለት ነው። እኔን የሰበረኝ ግን ብሩ ሳይሆን ሰልፉ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ማደያ ሄጄ፣ ተራዬ ሦስት መኪና ሲቀረው «አለቀ» የተባልኩበት ቀን ቤት ተመልሼ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማንበብ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ አማራጩም ጠቦ ነበር። በ2016 ጥር መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ኤሌክትሪኮቹ ደግሞ ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ይከፈልባቸው ነበር። ብር በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋቸው ቢንርም፣ ቪትዙን ሸጬ የጎደለውን ከዕቁብ ሞላሁት።

ወረቀቷ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ከተማ ውስጥ 300 ትሄዳለች፤ በዚህ አልከፋኝም። ያልጠበቅኩት ነገር የአገራችን ዳገትና ቁልቁለት የሚሠራባትን ሥራ ነው። ቤንዚን መኪና 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኳ አየር ስለማትፈልግ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ቤተሰብ ሞልቼ ስወጣ ምንም አትልም። ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያቆማታል፣ የያዘውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከእንጦጦ ማርያም ወርጄ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ባትሪው 2 በመቶ ጨምሮ አየሁት። መጀመሪያ ቀን ስክሪኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

በፍጥነት መንገዱ አዳማ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይለያል። በመቶ ሞልቼ ወጥቼ አዳማ በ77 ገባሁ፤ 23 በመቶ ብቻ። ደስ ብሎኝ ምሳ በላሁ። ስመለስ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ 37 በመቶ በላብኝ። አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ የወረዱትን መውጣት አለና። ስለዚህ ወደ ሶደሬም ሆነ ወደ ሐዋሳ የምታስቡ ሰዎች ሂሳባችሁን በሚወርደው ሳይሆን በሚወጣው ሥሩት። እኔ ሐዋሳ አልሞከርኩም፤ ለክፍለ ሀገር ጉዞ አሁንም የወንድሜን መኪና እዋሳለሁ።

ቻርጅ ማድረግ ለብቻው የሚወራ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የመጀመሪያውን ሳምንት ገመድ በመስኮት ጥዬ ሞላሁ። ጎረቤቶች ዝም አሉ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የግቢው ዘበኛ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ገመድ ዝናብ ሲመጣ ማንን ነው የሚገድለው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ለማኅበሩ ማመልከቻ፣ ስብሰባ፣ ሌላ ስብሰባ፣ በመጨረሻ ከራሴ ቆጣሪ በቧንቧ ውስጥ የወረደ መስመርና የራሱ ብሬከር ያለው ሶኬት። ሁለት ወር ፈጀ። አሁን ማታ 3 ሰዓት ሰክቼ ጠዋት 12 ሰዓት ስነቅል 40 በመቶ ያህል ይሞላል፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ይበቃኛል። ለጥድፊያ ቀን ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ላይ የጀመራቸው ፈጣን ቻርጀሮች አሉ፣ በቴሌብር ከፍሎ መሄድ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ቤት ሆነን እልል ብለናል፤ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ግን አሁንም ዝናብ ሲያይ ይደነግጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ ጠዋት ባዶ ሆና አግኝቻት በታክሲ ሄጃለሁ። ወጪውን ለምትጠይቁ፦ የመብራት ካርድ በወር 500 ብር ይበቃን የነበረው አሁን 1,400 እና 1,500 ሆኗል። ታሪፉ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ስለሚጨምር ይሄም አይቆምም። ቢሆንም ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። ዘይት ቅያሪ የለም፣ የፍሬን ሸራውም እንዳዲስ ነው።

ጉድለቷን ላውራ። ስክሪኗ ግማሹ ቻይንኛ ነው፤ አንድ ሴትዮ ውስጧ ሆና በየጠዋቱ ትመክረኛለች፣ ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የግራ ስፖኪዮዋ ተሰብሮ መለዋወጫው እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ጠብቄአለሁ። ባትሪው ከሆዷ ሥር ስለተዘረጋ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባየሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ጎማ ትበላለች፤ ከቪትዙ በጣም ትከብዳለችና። ድምፅ ስለሌላት ደግሞ ሰው አይሰማትም። እኛ ከተማ ብዙ ሰው መንገድ የሚሻገረው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። የሰፈራችን ውሾች እንኳ መንገድ መሃል ተኝተው ቀና አይሉም፤ ጥሩምባ ነፍቼ ነው የማስነሣቸው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። ከመግዛቴ በፊት በወር የምነዳው 750 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። አሁን 1,500 አልፏል። ቤቴም ሥራዬም ያው ናቸው። ታዲያ ይሄ እጥፍ ከየት መጣ? ሊትር መቁጠር ሳቆም እግሬንም ማንቀሳቀስ አቆምኩ። ዳቦ ቤቱ ስምንት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ በመኪና እሄዳለሁ። ልጄ ከአሥራ አራት ልጆች ጋር በትምህርት ቤት ሰርቪስ ትሄድ ነበር፤ «አንተ ታደርሰኛለህ አይደል አባዬ?» ስትለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ለአትክልት እስከ ኃይሌ ጋርመንት እንወርዳለን፣ ጉሊቷ በራችን ላይ ተቀምጣ። ጭስ የለኝም፣ እውነት ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ ቤንዚኑ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ከውጭ ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ነው የሚመጣው። መገናኛ ላይ የምይዘው ቦታ ግን ቪትዙ ይዞት ከነበረው ቅንጣት አያንስም። ከኋላዬ ስልሳ ሰው ጭኖ የቆመው አውቶቡስ መኪናዬ በምን እንደምትሠራ ግድ የለውም።

ቪትዙንም ልንገራችሁ። የገዛኝ ልጅ ራይድ ይሠራበታል። ባለፈው ቦሌ ላይ አገኘሁት፤ በቀን አሥር ሰዓት ነው የሚነዳው፣ ማደያ የሚያድርበት ቀንም አለ። እኔ በወር 65 ሊትር አቃጥልበት የነበረውን መኪና እሱ በሳምንት ከዚያ በላይ ያቃጥልበታል። አዲስ የቤንዚን መኪና ስለማይገባ አሮጌው ዋጋው አልወረደም፣ መንገዱንም አልለቀቀም። ጭሱን ሸጥኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ልጁን ግን ምን ልለው እችላለሁ? እንጀራው ነው፤ እኔም ገንዘቡን ተቀብያለሁ።

በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ልጄን አዝዬ ሄጄ ነበር። አሁን በኮሪደር ልማቱ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር በሥራዬ በኩል አለ። ባለፈው ወር ቢያንስ ማክሰኞና ሐሙስ መኪናዋን አቁሜ ልሂድ ብዬ ነበር። ማክሰኞን ሦስት ሳምንት ጠበቅኳት፤ ሐሙስ አልተሳካም፣ አንዱ ሐሙስ ዘነበ፣ ሌላው ሐሙስ ደግሞ ምክንያት እንኳ የለኝም።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ የራሳችሁ ግቢና ቆጣሪ ካላችሁ፣ ውሏችሁም ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ግዙ፤ አሥር ወር ሙሉ ማደያ አልረገጥኩም። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ መጀመሪያ ሶኬቱን አስፈቅዱ፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ትርፍ ስፖኪዮም አብራችሁ አስመጡ።