ኤክስቼንጅ ላይ ያስቀመጣችሁት ዩኤስዲቲ የማን ነው?

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «ዩኤስዲቲያችሁን ዝም ብላችሁ ከምታስቀምጡ ኧርን ውስጥ ክተቱት፣ ይወልዳል» የሚል ምክር በዝቷል። ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ ነው፤ ኤክስቼንጅ ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት ነው፤ ኧርን ደግሞ ክሪፕቷችሁን ለድርጅቱ ሰጥታችሁ ወለድ የምታገኙበት አካውንት ነው። ከመክተታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ዲፖዚት ስታደርጉ ኤክስቼንጁ የእናንተ የሚመስል አድራሻ ይሰጣችኋል። በትሮን ኔትወርክ ከላካችሁ አድራሻውን የኔትወርኩ ዝውውር ለማንም በሚታይበት ትሮንስካን ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ተከታተሉት። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ተጠርጎ ወደ ድርጅቱ ዋና ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ይሄዳል፤ ከሌላው ሰው ሁሉ ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል። አፑ ላይ ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ያ ቁጥር ድርጅቱ «ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ በራሱ መዝገብ የጻፈላችሁ ዕዳ ነው። የዋሌቱ ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

ሰላም በሆነ ጊዜ ይህን ማንም ልብ አይለውም። ጉዱ የሚወጣው ድርጅቱ ሲወድቅ ነው።

ሴልሺየስ የሚባለው የአሜሪካ ክሪፕቶ አበዳሪ በኧርን አካውንቱ ዳጎስ ያለ ወለድ እየከፈለ ሰው ሰበሰበ። በጁን 2022 ገንዘብ ማውጣት ከለከለ፣ በወሩ ኪሳራ አወጀ። ኧርን ውስጥ በ600 ሺህ ገደማ አካውንቶች 4.2 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ክሪፕቶ ነበር። ሰዎቹ «ንብረታችን ነው፣ መልሱልን» አሉ። የኒውዮርኩ ዳኛ ማርቲን ግሌን ግን በጃንዋሪ 2023 ንብረቱ የሴልሺየስ ነው ብለው ወሰኑ። ለምን? ደንበኞቹ ሳያነቡ «እስማማለሁ» ያሉት ውል ባለቤትነቱን ለድርጅቱ ያስተላልፋል። ስለዚህ ተራቸውን የሚጠብቁ፣ መያዣ የሌላቸው አበዳሪዎች ሆኑ። በዚያው ድርጅት ኧርንን ሳይነኩ፣ ለማስቀመጫ ብቻ በተለየው አካውንት የነበሩ አንዳንዶች ቀድሞ እንዲመለስላቸው ተፈቅዷል። ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት በተን ናት።

«እኔ ኧርን አልነካም» የሚልም አይዝናና። ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ በውሉ ላይ የደንበኛው ክሪፕቶ የደንበኛው እንደሆነ ጽፎ ነበር። ጽፎም ወሰደው። አላሜዳ የተባለው እህት ድርጅት እስከ 65 ቢሊዮን ዶላር መበደር እንዲችል ሲስተሙ ውስጥ በድብቅ እንደተፈቀደለት ፍርድ ቤት ቀርቦ ተመስክሯል። እቁብ እንኳ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም! ኖቬምበር 11 ቀን 2022 ኪሳራ ተመዘገበ። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍራይድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

«የኤፍቲኤክስ ደንበኞች እኮ ከነወለዱ ተከፈላቸው» የሚሏችሁ ይኖራሉ። እዚህ ጋ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የተከፈለው በኪሳራው ቀን ዋጋ ነው፣ አንዱ ቢትኮይን በ16,871 ዶላር ተተምኖ። የክፍያ ዕቅዱ በኦክቶበር 2024 ሲጸድቅ ቢትኮይን ከ60 ሺህ ዶላር አልፏል። አንድ ቢትኮይን የነበረው ሰው ከነወለዱ በሚደርሰው ገንዘብ በዚያን ቀን ዋጋ ሲሶውን ያህል ቢገዛ ነው።

ኢንሹራንስ? የአሜሪካው የተቀማጭ መድን ተቋም በኦገስት 2022 የኤፍቲኤክስን የአሜሪካ ድርጅት፣ ኤፍቲኤክስ ዩኤስን፣ «መድን ያለው እያስመሰልክ አታውራ» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። የሀገራችን የተቀማጭ መድን ፈንድም ለባንክ ተቀማጭ እንጂ ለዚህ አልተቋቋመም። ብሔራዊ ባንክ ራሱ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሏል፤ ገንዘባችሁ ቢቆለፍ አቤት የምትሉት ለማን ነው?

«ፕሩፍ ኦፍ ሪዘርቭ (የደንበኛው ገንዘብ በእጃችን እንዳለ ማረጋገጫ) አሳይተናል» የሚሉትም ቢሆን የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ሀብቱን ያሳያል። ድርጅቱ ከሌላ ቦታ የተበደረው ግን ፎቶው ውስጥ ላይገባ ይችላል።

አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ገንዘባችሁን በራሱ ጊዜ ኧርን ውስጥ የሚከተው «ኦቶ ኧርን» በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ከበራ አጥፉት። ውሉ ውስጥ «ታይትል» እና «ኦውነርሺፕ» (ሁለቱም ባለቤትነት) የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ለነገ ፒቱፒ (ከሰው ጋር በቀጥታ ለመገበያየት) የማያስፈልጋችሁን ወደ ራሳችሁ ዋሌት አውጡ፣ መጀመሪያ ትንሽ ልካችሁ መድረሱን አይታችሁ። የራስ ዋሌትም ጣጣ አለው፦ ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት 12ቱ ወይም 24ቱ ቃላት ከጠፉ የሚመልስላችሁ የለም። ወረቀት ላይ ጻፏቸው እንጂ ስክሪንሾት አታንሱ። ቃላቶቹን የሚጠይቃችሁ «ሰፖርት» ሌባ ነው። መሸጥ ስትፈልጉ የምትሸጡትን ያህል ብቻ፣ በዚያው ቀን ወደ ኤክስቼንጁ መልሱ።