ፕሮሚቲየስና ግራፋና ከስምንት ወር በኋላ፦ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ተጠቃሚው ግን እየጠበቀ ነው

አራት የሊኑክስ ሰርቨሮችን በፕሮሚቲየስ (ቁጥር ሰብሳቢው) እና በግራፋና (ቁጥሮቹን በግራፍ የሚያሳየው) መከታተል ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሦስቱ ላይ አንድ የምዝገባ ሲስተም ይሠራል፣ አራተኛው ዳታቤዙን ይዟል። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ስለ ግራፎቹ ውበት ብቻ አወራላችሁ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹን ግራፎች ከፍቼም አላያቸውም።

ተከላው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቀላል ነው። በየሰርቨሩ ኖድ ኤክስፖርተር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ትጭናላችሁ። እሷ የማሽኑን ቁጥሮች በ9100 ፖርት ላይ ትዘረግፋለች። ፕሮሚቲየስ ደግሞ በየ15 ሰከንዱ እየመጣ ይለቅማል። ሰርቨሮቹ አይልኩለትም፣ ራሱ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር። ጥቅሙ የገባኝ አንዱ ሰርቨር ኔትወርክ ሲቋረጥበት ነው። ሄዶ መልስ ሲያጣ ወዲያው 0 ብሎ መዘገበው። ፕሮሚቲየስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ በሚባለው የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ክፍት ምንጭ ስለሆነ ለሶፍትዌሩ አልከፈልኩም። የከፈልኩት በእንቅልፌ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። ማንቂያ አልነበረም፤ ሰው ነው የደወለው። "ሲስተሙ ቆሟል፣ ገጹ አይከፍትም" አለኝ። ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። ሁሉም አረንጓዴ። የዳታቤዙ ሲፒዩ 22 በመቶ፣ ሚሞሪው ግማሹ ባዶ። አንድ ቁጥር ብቻ አላምር አለኝ፤ ባለ አራት ኮር ማሽን ላይ ሎድ አቬሬጅ፣ ማለትም የሚሠሩና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች አማካይ ብዛት፣ 19 ይላል። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ 19 ሰው የሚሰለፈው ለምንድን ነው?

መልሱ ሊኑክስ ሎድን የሚቆጥርበት መንገድ ላይ ነው። ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው። ዲስክ እየጠበቁ የደረቁትንም አብሮ ይደምራል። ስለዚህ ቁጥሩ "ሰልፍ አለ" ይላችኋል እንጂ የምን ሰልፍ እንደሆነ አይነግራችሁም።

የምን ሰልፍ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ከ4.20 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ወዲህ፣ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) "ፕሬዠር" የሚባል መለኪያ አለው። ለሲፒዩ፣ ለሚሞሪና ለዲስክ ለየብቻ ነው። ምን ያህል ተጠቀማችሁ አይልም፤ ፕሮግራሞቻችሁ ለምን ያህል ጊዜ ሥራ ፈትተው ቆሙ ነው የሚለው። ይህን ቁጥር በጊዜው አላውቀውም ነበር። የሚያናድደው ኖድ ኤክስፖርተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሰበስብልኝ ኖሯል። ግራፍ ያላወጣሁለት እኔ ነኝ። በማግስቱ ወደኋላ ሄጄ ሳየው፣ በዚያ ሌሊት ከእያንዳንዱ ደቂቃ 37 ሰከንድ ያህሉን ቢያንስ አንድ ሥራ ዲስክ ሲጠብቅ ቆሟል።

ጥፋተኛው? ባክአፑ። ከዳታቤዙ ጋር አንድ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የባክአፑን የዲስክ ድርሻ ከ100 ወደ 20 አወረድኩት። ምንም አልተለወጠም። ለካ የዲስኩ ስኬጁለር፣ ማን ቀድሞ ይስተናገድ የሚለውን የሚወስነው፣ ድርሻ የሚባል ነገር ከቁብ የማይቆጥር ዓይነት ነበር። ድርሻን ወደሚያከብረው ስኬጁለር፣ ወደ ቢኤፍኪው፣ ስቀይረው ነገሩ ረገብ አለ። በኋላ ግን ባክአፑን ወደ ሌላ ዲስክ አዛወርኩትና ተገላገልኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጥያቄው የተቀየረው። "ማሽኑ እንዴት ነው?" ማለት ትቼ "ከተጠቃሚዎች ወደ ሲስተሙ ከመጡት ጥያቄዎች ስንቶቹ በደንብ ተስተናገዱ?" ማለት ጀመርኩ። ኤስ ኤል ኦ (የአገልግሎት ደረጃ ግብ) የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ግብ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ከግቡ ምን ያህል እንደራቃችሁ ትቆጥራላችሁ። ግቡን ለመወሰን ስንሰበሰብ አለቃችን "99.99 በመቶ ይሁን፣ ለምን እናሳንሰዋለን?" አሉ።

"ይሁን፣ ግን በ30 ቀን ውስጥ ሲስተሙ ሊቆም የሚፈቀድለት 4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነው" አልኳቸው። "ስልኩ ጠርቶ፣ እኔ ነቅቼ፣ ላፕቶፑን ፈልጌ እስክከፍት ያልቃል።"

ሳቁና 99.9 ላይ ተስማማን። እሱ በጊዜ ሲሰላ 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። እኛ ግን የምንቆጥረው በጥያቄ ብዛት ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ጥያቄ አንድ ሺሁ ቢበላሽ ይፈቀድልናል። ያ አንድ ሺህ የስህተት በጀታችን ነው። ለፍጥነቱ ደግሞ 95 በመቶው ከ300 ሚሊሰከንድ በታች ይመለስ አልን።

እዚህ ላይ ፕሮሚቲየስ ጉድ አደረገኝ፤ ወይም እኔ ራሴን። የምላሽ ጊዜን የሚመዘግበው በቅርጫት ነው። ከ0.25 ሰከንድ በታች የሆኑ፣ ከ0.5 በታች የሆኑ፣ ከ1 በታች፣ ከ2.5 በታች እያለ ይቆጥራል። 300 ሚሊሰከንድ የሚል ቅርጫት የለም! ስለዚህ "95 በመቶው ከስንት ሰከንድ በታች ሆነ?" ብዬ ስጠይቀው በ0.25 እና በ0.5 መሀል ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ይገምታል። ግራፉ ላይ ግን ግምት ነኝ አይልም። ቆፍጠን ብሎ 0.347 ብሎ ይጽፍላችኋል። ሦስት አሃዝ! ለሦስት ሳምንት ያህል ያንን ቁጥር ይዤ ከፕሮግራመሮቹ ጋር ተከራክሬያለሁ። አሁን አፕሊኬሽኑ ውስጥ በትክክል 0.3 ላይ ቅርጫት አስገብተናል፣ መልሱም ቆጠራ እንጂ ግምት አይደለም። ግባችሁ የትም ይሁን፣ እዚያው ቁጥር ላይ ቅርጫት ይኑራችሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ግቡን ለ30 ቀን አስቀመጥኩ። ፕሮሚቲየስ ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር ዳታ የሚያቆየው 15 ቀን ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ "የ30 ቀን ውጤት" ብሎ በትልቁ ሲያሳየኝ የነበረው የሁለት ሳምንቱን ነው። አንድ ቅንብር መለወጥ ነው የፈጀብኝ፤ ግን ያን ወር ለአለቃችን ያቀረብኩትን ሪፖርት መልሼ ማረም ነበረብኝ።

ማንቂያዎቹ ላይ ለውጡ ትልቅ ነው። በፊት "ሲፒዩ ከ80 በመቶ ካለፈ ጩህ" የሚል ነበረኝ። ጮኸ። በየሌሊቱ ጮኸ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ጥሩ ነው፣ ግን በየቀኑ ቅጠል ይዞ የሚሮጥ ሰው መጨረሻው ማንቂያውን ማጥፋት ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አሁን የሚጮኸው በጀቱ የሚቃጠልበት ፍጥነት ሲያስፈራ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሚፈቀደው 14.4 እጥፍ ከተበላሸ ይደውላል። በዚያ ፍጥነት የወሩ በጀት በ50 ሰዓት ያልቃል፣ ስለዚህ መነሳት ግድ ነው። ዝግ ያለው ጉዳት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ 6 እጥፍ የሆነው፣ ጠዋት የማየው መልእክት ይሆናል። ባለፉት ሦስት ወራት ሌሊት የተነሳሁት ሁለቴ ነው። ሁለቱም ጊዜ እውነተኛ ነበር።

የማልወደውም አለ። የመጠየቂያ ቋንቋው፣ ፕሮምኪውኤል፣ እስኪገባችሁ ያስለቅሳል። ሚሞሪው ደግሞ በማይጠበቅ ቦታ ያልቃል። አንድ የሥራ ባልደረባችን እያንዳንዱን መለኪያ በተጠቃሚ መለያ ቁጥር እንዲከፋፈል አደረገው። በቅን ልብ ነው። ግን እያንዳንዱ መለያ ቁጥር የራሱን ተከታታይ መዝገብ ስለሚወልድ በሁለት ቀን ውስጥ የፕሮሚቲየሱ ሚሞሪ ሞላና ከርነሉ ገደለው። ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረው የሚለውም ጥያቄ እስከ ዛሬ በግማሽ ነው የተመለሰልኝ፤ ከሌላ ቦታ በየደቂቃው "አለህ ወይ?" የምትለው ትንሽ ስክሪፕት ጽፌለታለሁ።

የሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) ሰዎች ይህን ሁሉ ሲያነቡ ይስቁ ይሆናል። በአይቢኤም ሲስተሞች ላይ ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ አለ። ለእያንዳንዱ ሥራ ግብና ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ክብደት ትሰጡታላችሁ። ግቡ ሲያመልጥ ሲስተሙ ራሱ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይሰጣል። እኛ ጋ ፕሮሚቲየስ ይነግራል፣ ድርሻውን የሚያስተካክለው የሰው እጅ ነው። በእርግጥ ሜይንፍሬሙን በነፃ አታወርዱትም።

ይህን ስጽፍ ከዚህ ወር በጀት 71 በመቶው አልተነካም። ዛሬ አዲስ ቨርዥን ልናወጣ ነው። በፊት ቢሆን "ዓርብ ቀን አይወጣም" እያልን ግማሽ ቀን እንከራከር ነበር። አሁን ቁጥሩን አየነውና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያዝን።