«ሙሉ የሰዓት መሥሪያ ስብስብ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የእኔ ገንዘብ ሄዷል፤ የእናንተ እንዳይደገም ብዬ ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር፦ «የታደሰ ትንሽ ቶርኖ፣ ከነጥርስ ማካፈያው፣ 8 የጥርስ መቁረጫ፣ ማይክሮ ሜትር፣ ናስና የአረብ ብረት ዘንግ፣ በተጨማሪም ብርቅዬ መጻሕፍትና የሰዓት ንድፎች በፍላሽ። ለጀማሪ ሙሉ ነው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።» ከባዶ ናስ ቆርጦ የግድግዳ ሰዓት የመሥራት ሱስ ለያዘው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ መሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል። እዚህ ሁሉም በአንድ ሣጥን መጣ ተባለ። ሻጩም ጨዋ ይመስላል። ቶርኖው (ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን) ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። «ሌላ ፈላጊ አለ» ሲለኝ ቀብድ ላክሁ። ቀሪውን ደግሞ ዕቃው ሲደርስ፣ ሣጥኑን ሳልከፍት ከፈልኩ። አዎ፣ ሳልከፍት። ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ፤ እናንተ አትድከሙ።

ከቀለሙ ልጀምር። ቶርኖው አረንጓዴ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የቀባው ሰው ግን ዘይት የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር በቀለም ደፍኗቸዋል። ማሽን ፈትቶ ያደሰ ሰው የዘይት ቀዳዳ አይደፍንም። ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳ ይሄ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ፎቶው ላይም ይታያል፤ ያየሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ቢላው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ መስታወት መስሏል። ማብረቅረቁ እንዳያታልላችሁ። ሐዲድ የሚበላው ሥራ በሚበዛበት በቸኩ (ዕቃውን በመንጋጋ ጨብጦ በሚያዞረው መያዣ) አጠገብ ነው፤ ሩቁ ጫፍ እንደ አዲስ ይቀራል። ስለዚህ ቢላውን የተሸከመውን ተንሸራታች ቸኩ አጠገብ አምጡት። ማስተካከያ ቡሎኖቹን እንዳይነቃነቅ፣ ግን እንዳይከብድም አድርጋችሁ አጥብቁ። ከዚያ ወደ ሩቁ ጫፍ ውሰዱት። እየሄደ ከከበደ ሐዲዱ ተበልቷል። የእኔው ገና ግማሽ ሳይደርስ ቀጥ አለ።

ይህንን እንኳ ይቅር ማለት ይቻል ነበር። የሰዓት ሥራ አጫጭር ነው፤ የሐዲዱን ርዝመት ብዙ አይፈልግም። ይቅር የማይባለው ቸኩ የሚታሰርበት ዋናው ዘንግ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮችንም እንዳንበድል አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጀማሪ ባለሦስት መንጋጋ ቸክ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ያስራል፣ ዳያል ጌጅ (ትንሽ መወዛወዝን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ያስጠጋል፣ መርፌው 0.08 ሚሊ ሜትር ሲወዛወዝ «ተሸወድኩ!» ብሎ ይጮኻል። አልተሸወደም። ተራ ባለሦስት መንጋጋ ቸክ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢስት የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሲባል ባለአራት መንጋጋና ኮሌት (ዘንጉን ዙሪያውን የሚጨብጥ ቱቦ መሰል መያዣ) አለ። የማሽኑን እውነት የምታገኙት ቸኩን ፈትታችሁ ጌጁን ዋናው ዘንግ ውስጥ ባለው ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ስታሳርፉ ነው። እዚያ ከ0.01 ብዙ ማለፍ የለበትም። የእኔው 0.07 አሳየ። ከዚያ ቸኩን መልሼ ወፍራም ብረት አሰርኩና ከሥር በእንጨት ወደ ላይ ገፋ አደረግኩት። መርፌው ተነሣ፤ ስለቀው ወረደ። ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ስፈታው ውስጡ በወፍራም ግራሶ ታጭቋል። የቪዲዮው ለስላሳ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው! ስለዚህ የድምፅ ቪዲዮ አትቀበሉ። ጌጅ ተደግኖ፣ ዘንጉ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። ሻጩ «ጌጅ የለኝም» ካለ፣ ታዲያ «የታደሰ» ብሎ በምን አውቆ ጻፈው?

«አንዴ አስሬ ሳልፈታ ከጨረስኩት ቢስትስ ምን ቸገረኝ?» የሚል አይጠፋም። የዘንግ መሳት ብቻ ከሆነ ልክ ነው፤ ሳይፈታ የተቆረጠ ነገር ሁልጊዜ ክብ ይወጣል። የሰዓት ዘንግ ግን ተገልብጦ በሌላኛው ጫፉም ይሠራል። ያን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች አይገጣጠሙም። የላላ ኩሽኔታ ደግሞ ክብም አያወጣም።

አሁን ወደ መቁረጫዎቹ። ለኔ ትልቁ ሽወዳ እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃዎቹ አዲስና ስለታም ናቸው። ፎቶ አይተህ ምንም አትጠረጥርም። ስምንቱም ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ 12–13፣ 14–16፣ 17–20፣ 21–25፣ 26–34፣ 35–54፣ 55–134፣ የመጨረሻው ደግሞ 135 እና ከዚያ በላይ። እነዚህ የጥርስ ብዛቶች ናቸው። ይህን አከፋፈል ያየ ሰው ወዲያው ማወቅ ያለበት፣ መቁረጫዎቹ ለማሽን ማርሽ የሚሆኑ የኢንቮሉት ጥርስ መቁረጫዎች መሆናቸውን ነው። ለመኪናና ለቶርኖ ማርሽ ጥሩ ናቸው። ለሰዓት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በማሽን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትንሹ ማርሽ ትልቁን ይነዳል። በሰዓት ውስጥ ግልባጩ ነው፤ ጎማ የሚባለው ትልቁ ማርሽ ፒኞን የሚባለውን ትንሹን ይነዳል፣ ኃይሉም እጅግ ትንሽ ነው። ጥርሶቹ ገና ሲቀራረቡ ከተፋተጉ ሰዓቱ ይቆማል። ለሰዓት የሚሆነው፣ የሳይክሎይድ ቅርጽ ያለው ጥርስ ግን አብዛኛውን ግፊት የሚያደርገው መሃሉን ካለፈ በኋላ፣ እየተለያየ ሳለ ነው፤ ፍትጊያው ይቀንሳል። የሰዓት ፒኞን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 6፣ 7፣ 8 ወይም 10 ጥርስ ነው ያለው። የኔው ስብስብ ግን ከ12 ይጀምራል። ባለ 8 ጥርስ ፒኞን የሚቆርጥ አንድም የለውም። «ለሰዓት ሥራ» ተብሎ የተሸጠ ነገር የሰዓት ፒኞን አይቆርጥም፤ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ትክክለኛው የሰዓት መቁረጫ እንዴት እንደሚመጣ እወቁት። ለአንድ ሞጁል (የጥርስ መጠን መለኪያ ነው) አንድ የጎማ መቁረጫ ይበቃል፣ የጥርሱ ብዛት ምንም ይሁን። ለፒኞን ግን ለእያንዳንዱ ብዛት ለብቻው ይገዛል። «8 መቁረጫ በአንድ ሞጁል» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ ቁጥሮቹን በቅርብ ፎቶ አስልኩ። ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ናሱ ክብ ሆኖ የሚቆረጥበት ዲያሜትርም ይለያያል። በኢንቮሉት ዲያሜትሩ የጥርስ ብዛት ሲደመር 2፣ ተባዝቶ በሞጁሉ ነው፤ ለሰዓት ጎማ በተለምዶ ሲደመር 2.76 ይወሰዳል። ሻጩን ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ የሸጠውንም አያውቀውም።

ማካፈያውን፣ ማለትም ጥርሶቹን እኩል የሚከፍለውን ባለ ቀዳዳ ሳህን፣ አላበዛበትም። ከሳህኑ ክበቦች በአንዱ ላይ አንድ ቀዳዳ ቦታውን ስቷል፣ በዓይን እንኳ ይታያል። ማይክሮ ሜትሩም ያው ነው። ሻጩ «0.01 ያነባል» ብሎኛል። ማንበብና ልክ መሆን ግን ለየቅል ናቸው። መፈተኛው ከእጃችሁ አይርቅም፤ 608 የሚባለው የስኬቲንግ ጫማ ኩሽኔታ ውጩ 22 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 7 ነው። እሱን ለኩበት። የእኔው 22.06 አለኝ።

ብረቱና ናሱ ትንሽ ያስቆጫሉ፤ ምክንያቱም ሰው «ብረት ብረት ነው» ብሎ ያልፋል። ናሱ እንደ ማስቲካ ተለጠጠብኝ። ለቶርኖና ለመቁረጫ የሚስማማው ናስ 2 በመቶ ገደማ እርሳስ ያለበት ነው፤ ፍቅፋቂው እየተሰበረ ይረግፋል። እርሳስ የሌለው ግን ቢላው ላይ ይጠመጠማል። «የአረብ ብረት» የተባለውን ዘንግ ደግሞ እንደ ደረሰ ቀይ እስኪሆን አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። የሚጠነክር ብረት ቢሆን ሞረድ ይንሸራተትበት ነበር። ሞረዱ እንደ ቅቤ ገባበት። ተራ ብረት ነው። በእሱ ፒኞን ብሠራ ኖሮ ቶሎ ይበላ ነበር።

ፍላሹስ? ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ የባለቤትነት መብታቸው ያለቀ አሮጌ ሥራዎች ናቸው። ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። በነጻ ያለን ነገር መሸጡን እንኳ እለፉት፤ ቅጂዎቹ ራሳቸው ጎዶሎ ናቸው። በድሮ የሰዓት መጻሕፍት ውስጥ ዋናው ሥዕል ታጥፎ የሚገባ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው። ስካን ያደረገው ሰው ወረቀቱን ሳይዘረጋ እንደታጠፈ አነሳው። ጽሑፉ «ሥዕል 14ን ተመልከት» ይላል፤ ሥዕል 14 የወረቀቱ ጀርባ ነው።

የሰዓቱ ንድፍ ደግሞ ከሁለት የተለያዩ ሰዓቶች የተለጣጠፈ ነው። ይህን ያወቅሁት ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነው። እናንተም የገዛችሁትን ማንኛውንም ንድፍ ናስ ከመንካታችሁ በፊት እንዲህ ቁጠሩት። የእኔው ላይ የደቂቃውን ዘንግ የያዘው፣ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞረው ጎማ 64 ጥርስ አለው፣ ባለ 8 ፒኞን ይነዳል። ቀጣዩ ጎማ 60 ጥርስ ነው፣ እሱም ባለ 8 ፒኞን ይነዳል። 8 ጊዜ 7.5 ይሆናል 60። ስለዚህ ፔንዱለሙ ጥርስ በጥርስ የሚለቀው የመጨረሻው ጎማ በሰዓት 60 ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ 30 ነው፣ አንድ ጥርስ ለማለፍ ሁለት ምት ይፈልጋል፤ በአንድ ዙር 60 ምት። 60 ጊዜ 60፣ በሰዓት 3600 ምት። በየሴኮንዱ አንድ ምት ማለት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ፔንዱለም ርዝመቱ 99.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ንድፉ ላይ ያለው ግን 25 ሳንቲ ሜትር! እሱ በየግማሽ ሴኮንዱ ነው የሚመታው። በዚህ ንድፍ የተሠራ ሰዓት የአንድ ሰዓት መንገዱን በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። ወራት ለፍቶ፣ ወልውሎ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ያን ጊዜ ማወቅን አስቡት።

ለሻጩ ይህን ሁሉ ጻፍኩለት። «ያገለገለ ዕቃ እኮ ነው ወንድሜ» አለኝ። ጌጁ ያሳየኝን ቁጥር በፎቶ ስልክለት አንብቦ ዝም አለ። የቀብዱ ደረሰኝ ላይ «የሰዓት መሥሪያ ዕቃ» ከሚል ቃል በቀር ምንም ስላልነበረ የምከራከርበት ነገር አጣሁ። የምትገዙ ከሆነ የእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነት፣ የመቁረጫዎቹ ሞጁልና የጥርስ ቅርጽ፣ የዋናው ዘንግ የተለካ መሳት በጽሑፍ ይስፈርላችሁ። ቢቻል ግን ስብስብ አትግዙ። ደህና ቶርኖ ብቻውን፣ አንድ የጎማና አንድ የፒኞን መቁረጫ በተፈለገ ጊዜ፣ ይበቃል። ስብስብ ውስጥ አንዱ ጥሩ ዕቃ ሌሎቹን ሰባት ይሸፍናቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ማስታወቂያ እንደገና ወጣ። «የታደሰ፣ ሙሉ፣ ለጀማሪ»። ይሄኛው ቶርኖ ሰማያዊ ነው። ፎቶውን አጉልቼ የዘይት ቀዳዳዎቹን ፈለግኋቸው። አንዱንም አላገኘሁም።