ኮሌጅ አልጀብራ ወይስ ፕሪካልኩለስ፦ የትኛውን ልመዝገብ?

አሜሪካ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምር ተማሪ የሂሳብ ኮርስ ሲመርጥ፣ በኮሌጅ አልጀብራና በፕሪካልኩለስ መካከል ማመንታቱ የተለመደ ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ሳምንታት ርዕሶች ስለሚመሳሰሉ ብዙዎች ቀለል ይላል የተባለውን ይወስዳሉ። በእኔ እምነት ግን መታየት ያለበት ቅለቱ ሳይሆን ከኮርሱ በኋላ የሚመጣው ኮርስ ነው፤ የማያስፈልገውን የወሰደ ሰው ገንዘቡንም ሴሚስተሩንም ይከስራልና።

ኮሌጅ አልጀብራ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት አለው። እኩልታዎችን መፍታት፣ የፋንክሽን ምንነትና ግራፍ፣ ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም ዋና ዋና ርዕሶቹ ሲሆኑ፣ እንደ ኮሌጁ ማትሪክስም ይጨመርበታል። የተለመደ ጥያቄው እንዲህ ያለ ነው፦ በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ የሚታሰብበትና ወለዱም ወለድ የሚወልድ 2,000 ዶላር እጥፍ የሚሆነው በስንት ዓመት ነው? ተማሪው በሎጋሪዝም ሠርቶ 14.2 ዓመት ገደማ መሆኑን ያገኛል። ትሪጎኖሜትሪ (የማዕዘኖችና የጎኖች ዝምድና ሂሳብ) ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ኮርስ ውስጥ አይሰጥም።

ፕሪካልኩለስ እነዚህኑ ርዕሶች በፍጥነት ከልሶ ሰፊውን ጊዜ ለትሪጎኖሜትሪ ይሰጣል። ማዕዘንን በዲግሪ ብቻ ሳይሆን በራዲያን መለካት፣ ራዲየሱ 1 በሆነ ክብ ላይ ሳይንና ኮሳይንን ማንበብ፣ የሞገድ ቅርጽ ያላቸውን ግራፎች መሣል፣ በተለይም ብዙ ተማሪዎችን የሚያደክሙት የትሪጎኖሜትሪ ዝምድናዎች (አይደንቲቲዎች) እዚህ ይገኛሉ። ሳይኑ ግማሽ የሆነ ማዕዘን ስንት ነው ሲባል 30 ዲግሪ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ 150 ዲግሪም መልስ ነው፣ ክቡን በዞርን ቁጥርም ሌሎች መልሶች እየተደገሙ ይመጣሉ። ቬክተር፣ የፖላር ኮኦርዲኔትና የኮኒክ ቅርጾችም በብዙ ኮሌጆች ይካተታሉ።

የአስተሳሰብ ልዩነታቸውን ለማየት አንድ ፋንክሽን እንውሰድ፦ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ለኤክስ ሲቀነስ 2 ሲካፈል፣ ማለትም (x² − 4) ÷ (x − 2)። የኮሌጅ አልጀብራ ተማሪ ኤክስ 2 ሊሆን እንደማይችል ጽፎ፣ ፋንክሽኑን ወደ ኤክስ ሲደመር 2 ያቃልልና ግራፉ ላይ ክፍት ነጥብ ያስቀምጣል። በመጨረሻው ክፍሉ ሊሚትን የሚያስተዋውቅ ፕሪካልኩለስ ደግሞ ኤክስ ወደ 2 እየተጠጋ ሲሄድ ፋንክሽኑ ወዴት ይጠጋል ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ 4 ነው፣ ካልኩለስም የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የኮርሱን ስም ብቻ አይቶ መመዝገብ ግን ሊያሳስት ይችላል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ኤምቲኤች (MTH፣ የሂሳብ ኮርሶች መለያ) 161 «ፕሪካልኩለስ 1» ቢባልም፣ ይዘቱ በሌላ ቦታ ኮሌጅ አልጀብራ ከሚባለው ብዙም አይርቅም፤ ትሪጎኖሜትሪው ያለው 162 ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ሲሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አጣምሮ የሚሰጠው ኤምቲኤች 167 ግን 5 ክሬዲት ብቻ ነው። መሠረቱ ጠንካራ ለሆነ ተማሪ 167 የአንድ ክሬዲት ክፍያና አንድ ሴሚስተር ያተርፍለታል፤ ሙሉ ቀን እየሠራ ማታ ለሚማር ሰው ግን ፍጥነቱ ከባድ ስለሆነ ከፋፍሎ መውሰዱን እመርጥለታለሁ።

ኢንጂነሪንግ፣ ፊዚክስ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስብ ሰው መደበኛውን ካልኩለስ መውሰዱ ስለማይቀር ፕሪካልኩለስን ይያዝ። ቢዝነስ የሚያጠና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ትሪጎኖሜትሪ የሌለበት የተግባር ካልኩለስ ስለሚጠየቅ ኮሌጅ አልጀብራ ይበቃዋል። ነርሲንግ የሚፈልግ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ፕሮግራሙ ስታቲስቲክስ ብቻ የሚጠይቅ እንደሆነ ያጣራ።

ኢትዮጵያ ውስጥ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ የጨረሰ ተማሪ ሊሚትና ዴሪቫቲቭን አይቶ ስለሚመጣ፣ ለሁለቱም ኮርሶች ከመክፈሉ በፊት፣ ኮሌጁ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከየትኛው ኮርስ እንደሚጀምር የሚወስነውን የምደባ ፈተና ተዘጋጅቶ ቢወስድ ይሻለዋል። ካየው ዓመታት ካለፉ ደግሞ ከፈተናው በፊት ሎጋሪዝምንና የሳይንና ኮሳይን ዋጋዎችን ይከልስ፤ ሳይዘጋጁ የተፈተኑበት ውጤት ቀድሞ ወደሚያውቁት ኮርስ መልሶ ሊያስከፍል ይችላል።