ሱሉልታ ለፎቶ የምትወጡ፣ የመኪናውን ዋጋ በጽሑፍ ያዙ

ቶሮንቶ ያለው የፎቶ ክበባችን በየዓመቱ የረግረግ መሬት አእዋፍና አራዊት ፎቶ ያወዳድራል። ማስረከቢያው ጥር 25 ነው፤ በ1963 ዓ.ም. ኢራን ውስጥ ራምሳር ላይ ረግረግ መሬትን የመጠበቅ ስምምነት የተፈረመበት፣ የዓለም ውሃ አዘል መሬቶች ቀን። ዘንድሮ ለመስቀል ስመጣ ፎቶዬን ከሱሉልታ ሜዳ ላነሳ ቆርጬ ነበር። የፈለግኩት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ነው። ከእኛ ደጋ ውጪ የትም አይገኝም።

መኪና ከነሹፌሩ በ6,000 ብር ተስማማን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አዲሱ ገበያ፣ እናቴ በር ላይ ሊደርስ። የወፍ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ እንደወጣች ያለችው አንድ ሰዓት ካመለጠች ቀኑ አለቀ። 11 ተኩል ላይ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነኝ።» 12 ሰዓት ላይም፣ «ደረስኩ እኮ፣ እህቴ።» ከዚያ ስልክ ማንሳቱን ተወው። የመጣው 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ቶሮንቶ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ መኪና ይልኩልኝ ነበር።

ሱሉልታ ስንደርስ ብርሃኑ ነጭ ሆኗል። ድሮ ውሃ የሚተኛበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ሆዴ ባባ። ከአጥሩ ወዲያ ግን ሰባት ዝዮች አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው ሳር ይግጣሉ። ቡናማ ናቸው፤ ሰማያዊው ደህና አድርጎ የሚታየው ሲበሩ ነው። ሹፌሩ ድንጋይ አነሳ። «ላስነሳልሽ?» ክንዱን ያዝኩት። ወፍ አስደንግጦ የተነሳ ፎቶ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ባይሰረዝም አላደርገውም።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «እትዬ፣ ላሞቹ ውሃ ሲወርዱ ራሳቸው ይነሳሉ» አለኝ። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። እውነቱን ነው። ላሞቹ ሲጠጉ ሰባቱም ብድግ አሉ፤ ትከሻቸው ላይ ያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ተዘረጋ።

በር ላይ ስወርድ ሹፌሩ 10,000 ብር አለኝ። መጠበቂያ 2,500፣ ነዳጅ 1,000፣ ጭቃ ማጠቢያ 500። ማን ማንን ጠበቀ? አከራዩ ጋ ስደውል፣ «ከውጭ መጥተሽ በዚህ ትከራከሪያለሽ?» አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ቆጥቤ ነው የመጣሁት። የተዋዋልነውን 6,000 እና የማጠቢያውን 500 ሰጥቼ በሩን ዘጋሁ። ሹፌሩ ደጅ ላይ ጥሩምባ ሲያስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ እናቴ በጣም ደነገጠች። በገንዘቡ ሳይሆን በዚህ ነው የተቃጠልኩት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ። ገና ሳይነጋ ደረስኩ፤ ልጁም ከላሞቹ ጋር እዚያው ነበር። ለውድድሩ የምልከው የዚያን ቀኑን ነው። ለልጁ ብር ስሰጠው እምቢ አለኝ፤ ፎቶውን ነው የፈለገው። ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥርት አድርጎ አተመልኝ፣ ከነገረኝ ዋጋ ሳንቲም አልጨመረም። ወስጄ ሰጠሁት።