የጊትሃብ የእርሳስ ምልክት ለሰነድ አራሚ ምን ያህል ይበቃል?

የአንድን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መመሪያ ሲያነብ የተሳሳተ ትእዛዝ፣ የማይሠራ ሊንክ ወይም ጊዜው ያለፈበት ማብራሪያ ያጋጠመው ሰው እርማቱን ራሱ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ብዙዎችን ከዚህ የሚያግዳቸው ግን የጽሑፉ ክብደት ሳይሆን በመካከል የቆመው፣ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግበው ጊት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ሥራ የጻፈው መሣሪያ እንደመሆኑ መጠን ጊት የተሰናዳው ለፕሮግራመሮች እንጂ ነጠላ ሰረዝ ለሚያርሙ ሰዎች አይደለም። በጊት የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ይህን ክፍተት ለመሙላት በብራውዘር ውስጥ ያስቀመጠው ማረሚያ፣ ማለትም ከፋይሉ በላይ የምትታየው የእርሳስ ምልክት፣ በእኔ ግምት ለጀማሪ ከሁሉ የቀለለች መግቢያ ናት፤ ፍርዴ ግን ከትንንሽ እርማቶች አያልፍም።

በፕሮጀክቱ ላይ የመጻፍ ፈቃድ የሌለው ሰው እርሳሷን ሲጫን ጊትሃብ ፕሮጀክቱን በራሱ አካውንት ሥር ፎርክ እንዲያደርግ (የራሱን ቅጂ እንዲፈጥር) ይጠይቀዋል፤ ጽሑፉን አስተካክሎ ሲጨርስም ብዙውን ጊዜ «ፓች-1» የሚባል አዲስ ብራንች (ከዋናው የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) ይከፈትና ለውጡ ኮሚት (መልእክት ተያይዞለት በታሪኩ የተመዘገበ ለውጥ) ሆኖ እዚያ ያርፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ የድሮውን መስመር በቀይ፣ አዲሱን በአረንጓዴ አሳይቶ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ወደ ዋናው ፕሮጀክት እንዲዋሃድ የሚቀርብ ጥያቄ) እንዲከፈት ይጋብዛል። በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ቢሆን ክሎን (ማውረድ)፣ ብራንች፣ ኮሚትና ፑሽ (መልሶ መላክ) እየተባለ የሚሄደው ሥራ እዚህ በጥቂት ጠቅታ ያልቃል። ከዚህም በላይ ጊትሃብ ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ በተርሚናል ለሚደረግ የጊት ሥራ የይለፍ ቃል ስለማይቀበል በምትኩ ማንነትን የሚያረጋግጥ ቶክን ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ማዘጋጀት ግድ ሲሆን፣ በብራውዘር የሚያርም ሰው አካውንቱ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ የለበትም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከኮሚት መልእክቱ ነው። ተጠቃሚው ምንም ካልጻፈ ማረሚያው «አፕዴት» የሚል ቃልና የፋይሉን ስም አስቀምጦ ያልፋል፤ ይህም አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተቀየረ ለማወቅ ከዓመት በኋላ ታሪኩን ለሚያገላብጥ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ምንም አይነግረውም። «በመጫኛ ገጹ ላይ የተሳሳተውን የፖርት ቁጥር አስተካክል» ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። ርእሱ ከ50 ፊደል ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ከሥር ባለው ሰፊ ሣጥን ይገባል።

ሁለተኛው ድክመት እርሳሷ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፋይል በላይ አለመክፈቷ ነው፤ ይህ ቀላል የሚመስለው አንድ ርእስ እስኪቀየር ድረስ ብቻ ነው። በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ የሰነድ ቅርጸት) በተዘጋጀ ገጽ ላይ የክፍሉ ርእስ ሲለወጥ ከርእሱ የሚሠራው የሊንክ አድራሻም አብሮ ይለወጣል፤ በሌሎች ገጾች ላይ ወደዚያ ክፍል ያመለክቱ የነበሩ ሊንኮች ቦታቸውን ይስታሉ፣ ማረሚያው ግን ስለዚህ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ሆኖ የነጥብ ቁልፍን ሲጫኑ የሚከፈተው፣ በኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ላይ የተመሠረተው ሰፊ ማረሚያ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ኮሚት ለማስተካከል ያስችላል። እሱም ቢሆን ተርሚናል ስለሌለው ሰነዱ ተገንብቶ ምን እንደሚመስል አያሳይም፤ እንደ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን ሰነድ ያለ፣ በሪስትራክቸርድቴክስት ቅርጸት ተጽፎ በስፊንክስ መሣሪያ የሚገነባ ሥራ ላይ ሰፊ ለውጥ የሚያደርግ ሰው ፕሮጀክቱን ወደ ኮምፒውተሩ ቢያወርድ ይሻለዋል።

አገልግሎቱ ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ከመጻፊያው ይልቅ በመገምገሚያው ነው፤ አራሚውም ጠንቃቃ መሆን ያለበት እዚሁ ላይ ነው። ጊት ልዩነትን የሚያሳየው በመስመር እንጂ በዓረፍተ ነገር አይደለም። አንቀጹ በሙሉ በአንድ ረጅም መስመር ተጽፎ ከሆነ አንድ ነጠላ ሰረዝ የጨመረ ሰው አንቀጹን በሞላ የቀየረ ይመስላል፤ ጊትሃብ በመስመሩ ውስጥ የተለወጠውን ቃል ጠቆር ባለ ቀለም ስለሚለየው ችግሩ በመጠኑ ይቃለላል። የባሰው በአጫጭር መስመሮች የተከፈለን አንቀጽ ላሳምረው ብሎ እንደገና መደርደር ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብትታረምም ሰባት መስመር ቀይ፣ ሰባት መስመር አረንጓዴ ይሆንና ገምጋሚው እውነተኛውን እርማት ከሠልፉ መካከል ሲፈልግ ይውላል። አንዳንድ ፕሮጀክቶች እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በራሱ መስመር እንዲጻፍ የሚያዙት ለዚህ ነው፤ የማርክዳውን ፋይል ሲታይ ተከታታይ መስመሮች አንድ አንቀጽ ስለሚሆኑ አንባቢው ልዩነቱን አያስተውለውም።

ገምጋሚው በበኩሉ በአንድ መስመር ላይ የራሱን አማራጭ ጽሑፍ በሐሳብ መልክ ማቅረብ ይችላል፤ አራሚው ከተስማማ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ኮሚት ያደርገዋል፣ የገምጋሚውም ስም በተባባሪ ጸሐፊነት ይመዘገባል። «ሁለተኛው አንቀጽ ሦስተኛው መስመር ላይ» እየተባለ ሊራዘም የሚችለውን ምልልስ ይህ በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ ለሰነድ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ጊትሃብ አላቀረበም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከመላክ በፊት ሁለት ነገሮችን ማየት ይገባል። ኮሚት የጸሐፊውን የኢሜይል አድራሻ ስለሚይዝና በይፋዊ ፕሮጀክት ላይ ማንም ሊያየው ስለሚችል፣ አድራሻውን መሸሸግ የሚፈልግ ሰው በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ ኢሜይል የሚደበቅበትን ምርጫ አስቀድሞ ማብራት አለበት። አንዳንድ ፕሮጀክቶች ደግሞ ጽሑፉን የማበርከት መብት እንዳለው ጸሐፊው በኮሚቱ ግርጌ በፊርማ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃሉ፤ የፕሮጀክቱ ባለቤት በድረ ገጹ በኩል የሚፈረምበትን ምርጫ ካላበራ ይህን መስመር በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳተፍ ሰው የላከው ፑል ሪኩዌስት ላይ ፕሮጀክቱ በራስ ሰር የሚያካሂዳቸው ፍተሻዎች ቆመው ቢያይ አይደናገጥ፤ በኃላፊ ፈቃድ እንዲጀምሩ ተደርገው ሊሆን ይችላል። ለውጡ ከተዋሃደ በኋላ «ፓች-1»ን መሰረዝና ቀጣዩን እርማት ከመጀመር በፊት በፎርኩ ገጽ ላይ ያለውን የማመሳሰያ ቁልፍ መጫን ተገቢ ነው፤ አለዚያ እርማቱ ሌላ ሰው ቀድሞ በለወጠው አሮጌ ጽሑፍ ላይ ይሠራና ሲዋሃድ ግጭት ይፈጠራል።